የአዋሽ ቡፌ የማን ቤት ነው?

አፋርና ቅርስ አብረው ሲነሱ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወዲያው ወደ ሉሲ ይሄዳል። አይፈረድብንም። ሉሲ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሃዳር ላይ ከተገኘች ወዲህ የሰው ዘር ታሪክ ያለ እርሷ አይጻፍም። የታችኛው አዋሽ ሸለቆም በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ከዚያ ቀጥሎ ኤርታሌ አለ፣ ዳሎል አለ። አጥንቱም እሳተ ገሞራውም ይጠቀሳሉ፤ ቤት ግን ሲጠቀስ አልሰማም። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረችውን ሴት ቁመት በቃላችን እናውቃለን፤ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራና መንገደኛ ያሳደረ ቤት ግን አጠገባችን ቆሞ እያለ ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደሠራው አንጠይቅም።

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ቤት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡፌ ነው። ፈረንሳዮቹ «ቡፌ ዳዋሽ» ይሉታል፤ የአገሩ ሰው ቡፌ ብቻ ብሎ ያልፋል። እኔ በበኩሌ ይህ ቤት አፋር ክልል ካሉት የከተማ ቅርሶች አንዱ ሆኖ ሊቆጠር፣ ሊመዘገብና ሥራ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ። ይህን ስል የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ተቃውሟቸውም ባዶ አይደለም፤ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የቤቱን ታሪክ ላስታውስ። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው ዓፄ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበትና ከሰረ። ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወዲህ መራመድ የቻለው ከ1901 ዓ.ም. ገደማ በኋላ፣ የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራውን ሲረከብ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ነበር።

ይህን ሁሉ ቁጥር የደረደርኩት በምክንያት ነው። ስለ ቡፌው ዕድሜ ሲወራ «በ1904 እ.ኤ.አ. ተሠራ» የሚል ነገር ደጋግሞ ይነሳል። እንዴት ይሆናል? በ1904 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። ሐዲድ በሌለበት በረሃ ውስጥ ማን ለማን ሆቴል ይሠራል? ቤቱ የሐዲዱ ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ እናቱን አይቀድምም። እኛ ጋዜጠኝነት እንማራለን የምንል ሰዎች እንዲህ ያለውን ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው ስንገለብጥ ማየት ያሳፍራል። ሁለት ዓመተ ምሕረት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማስተያየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ለመሆኑ አዋሽ ላይ ሆቴል ለምን አስፈለገ? መልሱ ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ተሳፋሪው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር ውኃ መሙላት አለበት። ከዚህ ሌላ አዋሽ የወንዙ ገደል አፋፍ ላይ ናት፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ አቀበቱ ይጀምራል። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አዲስ አበባ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ባቡሩም ሰውም ከአቀበቱ በፊት ማረፍ ነበረባቸው። አዋሽ ከተማ የተወለደችው ከዚህ እረፍት ነው ብል አላጋነንኩም። መጀመሪያ ጣቢያው፣ ከዚያ ቡፌው፣ ከዚያ ሻይ የምታፈላው፣ ሙዝና ወተት የምትሸጠው፣ ጓዝ የሚሸከመው ሰው መጣ።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የአዋሽ ቡፌ ግንብ የሚገጠግጥ ቤተ መንግሥት አይደለም። ለፎቶ የሚመች ጉልላትም የለውም። ለገሃርን የሚያውቅ ሰው በ1922 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባውን ጣቢያ ግርማ እዚህ ከፈለገ አያገኘውም። የአዋሹ ዝቅ ያለ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ፊቱን ወደ ሐዲዱ ያዞረ ቤት ነው። ዋናው ነገሩ በረንዳው ነው። ከባቡር የወረደ ሰው ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ጥላ ውስጥ ይገባል። አበባው ቡገንቪሊያ በረንዳው ላይ ተንጠላጥሎ ፀሐዩን ያጣራዋል። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰውየው ከታች ይቀመጣል። በሩና መስኮቱ ነፋስ እንዲያሳልፉ ሆነው ተሠርተዋል።

ይህ ሁሉ ለጌጥ አይደለም። ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ የለም፣ ቬንቲሌተር የለም። ሠሪው ሙቀትን የሚከላከልበት መሣሪያ ጥላ፣ ውፍረት፣ ከፍታና ነፋስ ብቻ ነበር። የቤቱ ቅርጽ ከእነዚህ ከአራቱ ነው የወጣው።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ይህ ጥበብ ለአፋር እንግዳ አይደለም። የአፋር ሴቶች ደቦይታ ሲሠሩ ያየ ሰው ይረዳኛል። እንጨቱን አጉብጠው ያቆማሉ፣ በዘንባባ ቅጠል የተሠራውን ሰሌን ያለብሱታል፤ ሲፈልጉ ነቅለው በግመል ይጭኑታል። ሰሌኑ ፀሐይ ይከለክላል፣ ነፋስ ግን ያሳልፋል። አንዱ ቤት ከፈረንሳይ በመጣ ሰው ተነድፎ በአገሩ ሰው ጉልበት ቆመ። ሌላውን ደግሞ እናት ለልጇ እያሳየች አስተላለፈችው። ሁለቱም የተከራከሩት ከአንድ ፀሐይ ጋር ነው፣ የደረሱበትም መልስ ተቀራራቢ ነው።

ታዲያ ተቃውሞው ምንድን ነው? ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ስንከራከር ሁለት ነገር ይነሳል። የመጀመሪያው «የፈረንሳይ ቤት ምናችን ነው? ሐዲዱ ሲዘረጋ የአፋርን የግጦሽ መሬት ሰንጥቆ ሲያልፍ ማን ጠየቀን?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ቡፌው የጌቶች ነበር። ወተት የምትሸጠዋ የአፋር ሴት በሐዲዱ ዳር ፀሐይ ላይ ስትቆም እነርሱ በረንዳው ላይ ቢራ ይጠጡ ነበር» ይላል።

ሁለቱም እውነት ነው። ለመካድ አልሞክርም። የሐዲዱ ፈቃድ የተፈረመው በቤተ መንግሥት ነው፤ ግመሉን ውኃ ከሚያጠጣው ሰው ጋር የተፈራረመ የለም። በባቡር ኩባንያው ውስጥ የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ጣቢያውን ለገሃር፣ ምግብ ቤቱን ቡፌ ብለን የቀረነውም ለዚህ ነው። ቡፌውን ለረጅም ዘመን ያስተዳደሩት ግሪኮች ናቸው። ለጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ከባሕር ማዶ የመጡት እንግዶች በዚህ መስመር ነው ያለፉት። ጃንሆይም፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎልም ቡፌው ውስጥ አርፈዋል እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል።

ግን እስቲ አስቡት። ታሪኩ የጌቶች ሆኖ የቀረው ቤቱ የጌቶች ስለነበር ብቻ ነው? እኔ አይመስለኝም። ስለ ጌቶቹ የጻፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ሐዲዱን የቀጠቀጠው፣ ፍሬን የያዘው፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት የላጠው፣ አንሶላ ያጠበችው ሰው አልጻፈም፤ የጠየቀውም የለም። ቤቱን «የእነርሱ ነው» ብለን ስንተወው የእነዚህንም ሰዎች ላብ አብረን እንጥለዋለን። ያን ጊዜ ከቤቱ ታሪክ የሚተርፈው የደጎል አልጋ ብቻ ይሆናል።

የዚህ ጣቢያ ታሪክ ደግሞ የቢራና የአበባ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ኢጣሊያኖች ሲሸሹ የአዋሽን ድልድዮች አፍርሰው ነው የሄዱት። የእንፋሎቱ ባቡር በዲዝል ተተካ፣ ጉዞው አጠረ፣ ማደር ቀረና አዋሽ የምሳ ጣቢያ ሆነች። ጥር 1977 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ከአዋሽ ብዙ ሳይርቅ፣ ጠመዝማዛ ላይ ባለ ድልድይ፣ ፍጥነቱን ያልቀነሰ የመንገደኛ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። በዚያ ባቡር የሞቱት ጌቶች አልነበሩም። ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ፣ ጫትና ጨርቅ የሚነግዱ፣ ልጅ ያዘሉ ሰዎች ነበሩ። እኛ ስለ ቡፌው ስንጽፍ ስለ ደጎል ሁለት መስመር ጽፈን ስለ እነርሱ አንድም ካልጻፍን ጥፋቱ የፈረንሳዮች አይደለም።

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ አሮጌው ባቡር ፀጥ አለ። አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። መስመሩ ሌላ፣ ጣቢያውም ሌላ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያ ሐራ ገበያ የሚሄደው 390 ኪሎ ሜትር ያህል መስመርም ተዘርግቷል። እነዚህ ለአገር የሚጠቅሙ ሥራዎች ናቸው፤ ማንም አይጠላቸውም። ለቡፌው ግን ትርጉማቸው አንድ ነው፦ ደጃፉ ላይ የሚወርድ መንገደኛ ቀረ። ቤት ደግሞ የሚሞተው ሥራ ሲያጣ ነው። ሰው የማይበላበት፣ የማይተኛበት ቤት መጀመሪያ በሩ ይላላል፣ ቀጥሎ ጣሪያው ይከፈታል፣ ከዚያ አንድ ቀን «አደገኛ ነው» ይባልና ይፈርሳል።

ሥጋቱ ሩቅ አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ምድር ሲንቀጠቀጥ ከረመ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነስቶ ወደ መጠለያ ገባ። በዚያ ሰሞን ስለ ቤት ቅርስ ያሰበ ሰው ቢኖር ዕብድ ይባል ነበር፣ ነፍስ ትቅደም። ግን ነፍስ ከዳነ በኋላ አንድ ጥያቄ አለ፦ የአዋሽ አሮጌ ቤቶች ቢወድቁ ኖሮ መልሰን የምንሠራበት ንድፍ በእጃችን አለ ወይ? የክፍሎቹ ልክ፣ የበረንዳው ስፋት፣ የጣሪያው ከፍታ በቅርብ ከምናገኘው ቦታ ተቀምጧል ወይ? ይህን ለማዘጋጀት ሜትርና ወረቀት ይበቃል።

ሌላው ሥጋት በራሳችን እጅ ያለ ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ እንዴት እንደተለወጠች ሁላችንም አይተናል። የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ተዳርሷል። መንገድ መስፋቱን፣ መብራት መተከሉን አልቃወምም፤ የአዋሽ ሰውም ንጹሕ መንገድ ይገባዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ማሽኑ ሲመጣ ስለ ቤቱ የሚናገር ወረቀት አለመኖሩ ነው። ያልተመዘገበ ቤት በማሽን ፊት አፍ የለውም።

ሕግ የለም እንዳንል ሕግ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በመንግሥትም በግለሰብም እጅ ሊገኝ ይችላል ብሎ ተቀብሏል። ባለይዞታው እንዲጠብቀው፣ ጥገናውም ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ እንዳይደረግ ያዛል። ስለዚህ ጉድለቱ የአንቀጽ አይደለም። ጎረቤቱ፣ ወጣቱ፣ ከተማው «ይህ የእኛ ነው» ካላለ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማን ይጠቁመዋል? አዋጅ ብቻውን ወደ አዋሽ አይሳፈርም።

እዚህ ላይ ሰመራን ላንሳ። ሰመራ ከአዋሽ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ እዚያው የጅቡቲ መንገድ ላይ የምትገኝ አዲስ ከተማ ናት። የአውሳ ሱልጣኖች መቀመጫ የነበረችውን አሳይታን ተክታ የክልሉ ዋና ከተማ ሆነች። አዋሽን ባቡር እንደ ወለዳት ሰመራን አስፋልቱና መንግሥት ወለዷት። ሁለቱም በመንገድ ዳር የበቀሉ ናቸው። ልዩነታቸው የሰመራ ሠሪዎች ኤሌክትሪክ ስለነበራቸው ፀሐይን የረሱ መሆናቸው ነው። ከፊት ለፊቱ መስታወት የለበሰ ሕንፃ፣ ጥላ የሌለው የብሎኬት ቤት፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ከላዩ ቆርቆሮ። ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሕንፃው ምድጃ ይሆናል። መብራት ካለ ኤሲው ያጉረመርማል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሠራተኛው ወንበሩን ይዞ ጥላ ፍለጋ ይወጣል። የአዋሽ ቡፌ ሠሪ ከመቶ ዓመት በፊት ያወቀውን፣ የአፋር እናት ደግሞ ከዚያ በፊት ያወቀችውን እኛ በሲሚንቶና በመስታወት ረሳነው። ለሰመራ አዲስ ቢሮ የሚነድፉ ባለሙያዎች ከዱባይ ፎቶ በፊት አንድ ቀን አዋሽ ወርደው በረንዳው ሥር ቢቀመጡ የሚያተርፉ ይመስለኛል። ስለዚህ የቡፌው ቤት ለትዝታ ብቻ የሚቀመጥ አይደለም፤ ለሚሠራው ቤትም ይጠቅማል።

እንግዲህ ወሬ ብቻ እንዳይሆን የምለውን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ቤቱና የድሮው ጣቢያ አንድ ላይ ይመዝገቡ። ቡፌ ያለ ጣቢያ፣ ጣቢያም ያለ ሐዲድ ትርጉም አይኖራቸውም። ከመመዝገቡ ጋር ልኩ ይወሰድ፣ ንድፉ ይነሳ፣ አንዱ ቅጂ አዋሽ፣ አንዱ ሰመራ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ሥራ ይኑረው። በመስታወት ውስጥ የሚቀመጥ ሙዚየም ይሁን አልልም። አዋሽ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው ወደ ሰመራና ጅቡቲ ይሄዳል። በቀን ስንት ከባድ መኪና፣ ስንት አውቶቡስ ያልፋል! የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም አጠገቡ ነው። ምሳ የሚበላበት፣ አልጋ የሚያዝበት፣ በአንድ ክፍሉ የሐዲዱ ሠራተኞች ፎቶና ዕቃ የሚታይበት ቤት ሊሆን ይችላል። ሲሠራ ጣሪያው ይጠገናል፣ ግድግዳው ይቀባል።

ሦስተኛ፣ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ይሰቀል። በአፋርኛና በአማርኛ ይጻፍ። ትክክለኛው የሐዲዱ ዓመተ ምሕረት ይኑርበት። ማን አረፈበት የሚለው ይግባ፤ ግን ማን ሠራበት የሚለው ይቅደም። የጥር 1977ቱ ሟቾችም ይታወሱ።

አራተኛው ለእኛ ለተማሪዎቹ ነው። በየዓመቱ ለፊቸር ጽሑፍ ርዕስ አጣን እያልን መምህሮቻችንን እናሰለቻለን። የድሮው ባቡር ሾፌር፣ ትኬት ቆራጭ፣ ሐዲድ ጠባቂ፣ የቡፌው አስተናጋጅ፣ በመስኮት ወተት ትሸጥ የነበረች እናት በአዋሽም በድሬዳዋም በየሰፈሩ አሉ። ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል። ባቡሩ ከቆመ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗል፤ ያን ጊዜ ጡረታ የወጣ ሰው ዛሬ ስንት ዓመቱ እንደሚሆን አስሉት። ቴፕ ሪኮርደር አያስፈልግም፣ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። የሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ላይ ክፍላችን አምስት አምስት ሆኖ ቢሰማራ የአንድ ጣቢያ ታሪክ ከሠራተኞቹ አፍ ይሰበሰባል። ይህን ቡለቲን የሚያዘጋጁት ጓደኞቻችንም ገጽ እንደሚሰጡን ተስፋ አለኝ።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። የአዋሽ ቡፌ ወርቅ ነው እያልኩ አይደለም፤ ኖራ የተቀባ፣ በረንዳ ያለው የመንገደኛ ቤት ነው። ግን ሲሠራ የአዋሽን ፀሐይ አስቦ የተሠራ፣ ከተማዋ ስትወለድ አጠገቧ የነበረ ቤት ነው። ለርዕሴ ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው፦ የሠሩበት ሰዎች ቤት ነው። እነርሱ ደግሞ የእኛው ሰዎች ናቸው። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍና እንከራከር።

ቸር ይግጠመን።